ማስፈራሪያ ሆኜ የዋልኩበት ዓርብ

የልጅ ልጄ ቤዛ ባለፈው ሳምንት የአማርኛ የቤት ሥራዋን ይዛ ሱቅ መጣች። ንፋስ መውጫ ላይ ሱቅ ያለው ሰው የልጅ ልጆቹን የሚያየው ቤት ውስጥ ስኳር ሲያልቅ ወይም የቤት ሥራ ሲከብድ ነው፤ የዚያን ቀን ስኳር ነበራቸው። ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አራት ዓረፍተ ነገር አነበበችልኝና የትኛው አነጻጻሪ ዘይቤ፣ የትኛው ተለዋጭ፣ የትኛው ሰውኛ፣ የትኛው ግነት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስልኳን ለምን እንደማትጠይቅ ስላት ቻርጅ ጨርሷል አለች። የመጨረሻ አማራጭ መሆኔን ስለማውቅ አልተቀየምኩም።

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ቢሆንም በማውቀው መንገድ ነገርኳት። ግነት የነጋዴ የመጀመሪያ ዋጋ ነው፤ ጠሪውም ሰሚውም እንደሚወርድ ያውቃሉ፣ ማንም አይጣላበትም። ሰውኛ ደግሞ ደንበኛ ሲያጉረመርም «ሚዛኔ ዛሬ አኩርፏል» የምለው ነው፤ ብረቱን ሰው አደርገውና ጥፋቴን እሱ ይሸከምልኛል። አነጻጻሪው ኪራይ ነው። «ሰውየው እንደ አንበሳ ነው» ስትይ የአንበሳን ቆዳ ለአንድ ቀን አከራየሽው፤ ሲመሽ ይመልሳል። ተለዋጩ ግን ሽያጭ ነው። «አንበሳ ነው» ካልሽ ሸጥሽለት፤ ቆዳውም፣ ጥፍሩም፣ አዳኙም የእሱ ሆነ። የተሸጠ አይመለስም።

እየሳቀች ጻፈችው። መምህሯ ምን እንደሚሏት እንጃ። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ብቻዬን ቁጭ ብዬ የድሮ አንድ ዓርብ አስታወስኩ። ኪራይና ሽያጩን የለየሁት ከደብተር አልነበረም።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። የሲማዳ፣ የወገዳ ልጅ ነኝ፤ ታች ጋይንት መጥቼ አርብ ገበያ ላይ ሸራ ወጥሬ መሸጥ ከጀመርኩ ዓመት እንኳ አልሆነኝም ነበር። ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ መርፌና ክር። ከእኔ የተሻለ ዕቃ ያላቸው ሞልተዋል፤ እኔ የነበረኝ ምላስ ነው። በአላፊ አግዳሚው ላይ ስም ስለጥፍ ሰው ይሰበሰባል፤ ሰው ሲሰበሰብ ሳሙና ይሸጣል። ወፍራሟን ጠላ ሻጭ «ጋን» ያልኳት እኔ ነኝ። የገበያውን ቀረጥ ሰብሳቢ «መዥገር» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ልጆቹ ሳይቀሩ የመዥገር ልጆች ተባሉ። ሁሉም ስቆ ያለፈ ስለመሰለኝ ነገሩን ከምንም አልቆጠርኩትም።

ወሩ ኅዳር ነበር። ደጋው ላይ ጠዋት ጠዋት ውርጩ ሣሩን ነጭ ያደርገዋል፤ ገብሱ ታጭዶ ክምር ሆኗል። ከቆላ የሚወጣው ገበያተኛ ግን ማሽላው እየደረሰ ስለነበር ከወፍ በቀር ሌላ ወሬ አልነበረውም። አንድ ዓርብ አያ ደምሌ የሚባሉ ረጅም የቆላ ሰው መጥተው ከሸራዬ ፊት ቆሙ። ምንሽር ጠመንጃቸውን በትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ ሁለት እጃቸውን በላዩ አንጠልጥለዋል። የጨው ዋጋ ጠየቁ፤ ነገርኳቸው። የባትሪ ድንጋይ ጠየቁ፤ ነገርኳቸው። ከዚያ ምንም ሳይገዙ ዝም ብለው ቆሙ። ከኋላቸው የሚመጣው ሰው ጠመንጃውን ያይና ዞሮ ወደ ጎረቤቴ ወደ ይበልጣል ሸራ ይሄዳል። ገበያዬ ቀዘቀዘ። አንጀቴ አረረ።

ጀርባቸውን ሰጥተው ጥቂት እርምጃ እንደራቁ፣ «ይሄ እኮ ሰው አይደለም፤ የወፍ ማስፈራሪያ ነው» አልኩ።

ማሳ መሃል የሚተከለውን ማለቴ ነው፤ ሁለት እንጨት ተጣምሮ አሮጌ ልብስ የሚለብሰውን፣ እጁን ዘርግቶ የሚውለውን። ሽንኩርት ሻጮቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ተንከተከቱ። ይበልጣል ወፍ ሆኖ ክንፉን እያራገበ መጥቶ ከጨዌ ቆንጥሮ በረረ። የዚያን ቀን ሳሙና አለቀብኝ።

በሳምንቱ አያ ደምሌ አልመጡም። ስሙ ግን ቆላ ወርዶ፣ አድጎና ጎልምሶ ተመልሶ መጣ። ጨው ልትገዛ የመጣች የአገራቸው ሴት እንደነገረችኝ፣ ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው ወፍ እንደሚያባርር ሰው «እሽ፣ እሽ» ማለት ጀምረዋል። ጨውዋን ቋጥራ ስትነሣ፣ የተላከችውን እንደ ተራ ሰላምታ አድርጋ አደረሰችኝ።

«በሚመጣው ዓርብ ጠመንጃዬን ይዤ እመጣለሁ፤ ማስፈራሪያ ይተኩስ እንደሆነ ያይልኛል ብለውሃል።»

ይበልጣል ሲስቅ ሰማሁ፤ ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። ከዚያ ሸራውን ትቶ አጠገቤ ቁጢጥ አለና አገሩ ሁሉ የሚያውቀውን፣ እኔ መጤው ያላወቅሁትን ነገረኝ። የአያ ደምሌን ወንድም ከገደሉባቸው ሦስት ዓመት ሆኗል። ገዳዮቹ የማሳ ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ ድንበር ለድንበር ነው የሚያርሱት። አያ ደምሌ ደም አልመለሱም፤ መሬቱን ለቅቀውም አልሄዱም። ሰው ከኋላቸው ጠመንጃው ለጌጥ ነው እያለ ያማቸዋል፤ በገሃድ ግን አንድም ሰው ተናግሮት አያውቅም።

«አንተ ተናገርከው» አለኝ።

ለምን ቀድሞ እንዳልነገረኝ ብጠይቀው፣ «ሳሙና እየሸጥክ ነበራ» አለ።

በእኛ አገር ያልተመለሰ ደም ያለበትን ሰው እንዲህ ያለ ስም ካለበስከው፣ ስሙን የሚያወልቅበት በር አንድ ብቻ ነው። ያን ሳምንት ስተኛም ስነሣም ያችን ቃል አገላበጥኳት። «እንደ ማስፈራሪያ ቆሙ» ብዬ ቢሆን ኖሮ ስለዚያች ቀን አቋቋማቸው ብቻ ነበር የተናገርኩት፤ ገበያው ሳይፈታ ይረሳ ነበር። እኔ ግን ነው አልኩ። ሰውየውን ከነጠመንጃቸው፣ ከነወንድማቸው መቃብር አንድ ላይ ቋጥሬ ሰጠሁ። አሁን እንጨት አለመሆናቸውን ለማሳየት የቀራቸው መተኮስ ነው፤ የሚተኩሱበትም እኔ ነኝ።

ረጅም ሰው ከሩቅ ሲመጣ ከሸራው ኋላ እደበቃለሁ፤ ረጅም ሰው ደግሞ የዚያን ሳምንት በዛ። አንድ ገበሬ ክብሪት ሊገዛ እጁን ወደ ብብቱ ሲሰድ ከጠረጴዛዬ ሥር ገብቼ ተገኘሁ። መኪና ላይ ወጥቼ ወደ ንፋስ መውጫ ልሸሽ አሰብኩ። ነገር ግን ወገዳ ላይ ታናሽ ወንድም ነበረኝ፤ እኔን ያጣ ጥይት እሱን ፈልጎ ያገኘዋል። ይህን ሳስብ እግሬ ታሰረ።

ሐሙስ ጠዋት ወረቀት ከእኔ የሚገዙት የቅኔ መምህር፣ መሪጌታ ፈንታ ዘንድ ሄጄ እግራቸው ሥር ወደቅሁ። ተቆጡኝና ተነሡ። አንድ ሌላ ሽማግሌ ጨምረው፣ ሦስት ሆነን ቁልቁለቱን ያዝነው። ከውርጩ ወርደን ወደ ሙቀቱ ስንገባ ጋቢያችንን አንድ በአንድ እያወለቅን፣ ከወይራው ወደ ግራሩ፣ ከገብስ ገለባ ሽታ ወደ ደረሰ ማሽላ ሽታ ተሻገርን። መሪጌታ መንገዱን ሙሉ ሲገሥጹኝ ወረዱ። ተማሪዎቻቸው አንድ ነገር በሌላ ለመመሰል ሌሊት ሙሉ እንደሚጨነቁ፣ እኔ ግን ሳሙና ለመሸጥ ብዬ ሰውን ያህል ነገር በአንድ ትንፋሽ እንደቀየርኩት ነገሩኝ። ደረስን ሲባል ለይቅርታ የምሸከመውን ድንጋይ እንድመርጥ አዘዙ። ጠፍጣፋና ቀላል መረጥኩ። አይተው ወረወሩትና እሳቸው መረጡልኝ።

አያ ደምሌ አውድማቸው ላይ ተቀምጠው፣ ጠመንጃው ጭናቸው ላይ ነበር። ድንጋዩን አንገቴ ላይ አድርጌ ተንበረከክሁ። ሽማግሌዎቹ ስለ እግዚአብሔር እያሉ ሲለምኑ እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ብለህ ነበር?»

መልሱን ቁልቁለቱን ስወርድ አዘጋጅቼው ነበር። «አያ፣ እንደ ማስፈራሪያ ቆሙ ነው ያልኩት። አቋቋምዎን ነው እንጂ እርስዎን አይደለም።»

«እንደ አላልክም። ያልካትን በል።»

መሪጌታን አየሁ፤ መሪጌታ መሬት አዩ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ የማየው የጠመንጃውን አፍ ብቻ ነው።

«የወፍ ማስፈራሪያ ነው ብያለሁ» አልኩ።

አያ ደምሌ ድንጋዩን እንዳወርድ ነገሩኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ ይቅር ማለታቸውን፣ ነገር ግን ዓርብ እመጣለሁ ብለው ስለተናገሩ መሄድ እንዳለባቸው፣ ማሳቸው ደግሞ ያለ ሰው እንደማይውል አስረዱ። «ነገ እሱ ይቁምልኝ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ቅጣቱ ቀሎ ታያቸው። መሪጌታ ፈገግ ብለው መረቁና ዳገቱን ተያያዙት። እኔም ቀሎኝ ነበር።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ አያ ደምሌ ወደ ማሳው ወሰዱኝ። ማሽላው ከእኔ ቁመት በላይ ነው፤ መሃል ላይ አንድ ጉብታ አለ፣ እሱ ላይ የቆመ ሰው ከየትም ይታያል። ጋቢያቸውን አለበሱኝ፣ ባርኔጣቸውን ደፉብኝ። ከዚያ ጠመንጃውን ሰጡኝና «ክፈተው» አሉኝ።

ከፈትኩት። ባዶ ነበር።

«ጥይቱስ አያ?»

«የለም። ወንድሜን የቀበርኩ ዕለት ነው ያወጣሁት። ካለ እተኩሳለሁ። ከተኮስኩ እነሱም ይተኩሳሉ። እኔ አራት ልጆች አሉኝ፤ እነሱ ስድስት።» በአገጫቸው ድንበሩን አሳዩኝ። «ውሸት ተናግረህ ቢሆን ስቄ አልፍህ ነበር። ወፉ ማስፈራሪያው እንጨት መሆኑን ከሰማ ግን ማሳው በአንድ ቀን ያልቃል። እኔ ዛሬ ገበያ ሄጄ ስሙን ካላራገፍኩት ይሰማሉ። አሁን ስለተጠራጠሩ ደግሞ፣ እኔ ስሄድ እዚህ ጠመንጃ ካላዩ ይገባሉ። ገባህ?»

ገባኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ እሳቸው እውነት አስመስለው የያዙትን ነገር ስም አውጥቼ ለገዳዮቹ ልኬላቸው ነበር። ጥይት ስለሌለው ጠመንጃ ማንም ሳይነግረኝ፣ አቋቋማቸውን ብቻ አይቼ፣ ደርሼበት ነበር፤ የደረስኩበትን ግን አላወቅሁትም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የፈራሁት እሳቸውን አይደለም።

ከዘራቸውን ብቻ ይዘው ዳገቱን ሲወጡ አየሁ። እኔም ጠመንጃውን ትከሻዬ ላይ አጋድሜ እጆቼን አንጠለጠልኩ። እንዲያ የሚቆሙት ለኩራት ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እጅ ሲንቀጠቀጥ እንዳይታይ ነው።

ፀሐዩ ወጣ። ወፉ እንደ ደመና እየመጣ ያርፋል፤ «እሽ» ብል ይነሣል፣ ዞሮ ይመለሳል። ወፉን አልሰማውም ነበር፤ የምሰማው ከድንበሩ ማዶ የሚመጣውን ማናቸውንም ድምፅ ነው። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ጀርባዬ ይቀዘቅዛል። ሙቀቱ የቆላ ሙቀት ነው፤ ላቤ ግን ቀዝቃዛ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ጾሙ ሲፈታ፣ የአያ ደምሌ ባለቤት እትዬ ዘውዴ የማሽላ ቂጣ በተልባና አንድ ቅል ጠላ አመጡልኝ። ቆሜ እንድበላ ነገሩኝ፤ አያ ደምሌም ቆመው እንደሚበሉ። አጠገቤ ካለው ሾላ ራቅ እንድልም አሳሰቡኝ። ወንድምየውን የመቱት ከዚያ ሾላ ሥር ሲያርፍ ነው።

ከሾላው ራቅ አልኩ። «እትዬ፣ ብሸሽስ?» አልኳቸው።

«የምትሸሽበት እግር አለህ። እኔ ልጆች ነው ያሉኝ» አሉና ቅሉን ይዘው ሄዱ።

እሳቸው ከሄዱ ብዙም አልቆየም። ከማዶ ማሽላው ተከፈተና አንድ ሰው ወጣ፤ በግራ ትከሻው ጠመንጃ፣ በቀኝ እጁ ማጭድ። ድንበሩ ጋ መጥቶ ቆመ። በመካከላችን ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስ ያህል ብቻ ነበር። ፊቴ ባርኔጣው ጥላ ውስጥ ነው።

«ደምሌ» ብሎ ተጣራ።

ብመልስ ድምፄ ያሳብቃል። ብሸሽ ጀርባዬ ያሳብቃል። ዝም አልኩ። ሰውየው ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል አንድ እርምጃ ወደ እኛ ማሳ ገባ። አንድ የማሽላ ራስ ጨበጠና በማጭዱ ቆረጠ። ከዚያ ፍሬውን ወደ አፉ እየወረወረ፣ እያኘከ፣ አየኝ። ቀስ ብሎ ነበር የሚያኝከው። እንጨት ይሁን ሰው እየፈተነ መሆኑን ለመረዳት ስድስተኛ ክፍል ይበቃል።

ምንም ካላደረግሁ ነገ ማሳውን ሙሉ ያጭዱታል፤ ካስፈለገም ከነባለቤቱ። አንድ ነገር ካደረግሁ ደግሞ የሚተኮሰው ከእሱ ነው፤ እኔ ጋ ያለው ብረትና እንጨት ነው። እንዴት እንደወሰንኩ እስካሁን አላውቅም። ጠመንጃውን ከትከሻዬ ላይ፣ እንደ ሰነፍ ሰው በዝግታ፣ አወረድኩት። አላነጣጠርኩም። በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። ያ ብቻ ነው።

ሰውየው ማኘኩን አቆመ። ፍሬውን ተፋ። የቆረጠውን ራስ ድንበሩ ላይ አስቀምጦ፣ ጀርባውን ሳያዞር ወደ ኋላው ተራመደ፤ ማሽላው ዋጠው። እኔ እዚያው እንደቆምኩ ቀረሁ። ሱሪዬ ምን እንደሆነ አልጽፍም፤ ጋቢው ረጅም መሆኑ ግን በጀኝ።

አያ ደምሌ ፀሐይ ስትጠልቅ ተመለሱ። ገበያ ላይ የሆነውን በኋላ ይበልጣል ነው የነገረኝ። ቀጥ ብለው ወደ እሱ ሸራ ሲመጡ ገበያው ሁሉ ጸጥ አለ። የጨው ዋጋ ጠየቁ። ይበልጣል እየተንተባተበ እኔ የት እንዳለሁ ቢጠይቃቸው፣ ማሳቸው ላይ ማስፈራሪያ አድርገው እንዳቆሙኝ፣ ወፉን በጥይት ሳይሆን በወሬ እንደምጨርሰው ተናገሩ። ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ስሙ የዚያን ቀን ከእሳቸው ወርዶ እኔ ላይ ወጣ፤ አርብ ገበያን እስክለቅ ድረስ «ማስፈራሪያው» ነበርኩ። ጨውም ገዙ፤ ከይበልጣል።

እኔን ግን መጀመሪያ የጠየቁኝ ሌላ ነው።

«መጣ?»

«መጣ።»

«ቆረጠ?»

«አንድ ራስ።»

«አንተስ?»

«ከትከሻዬ አወረድኩት።»

ጠመንጃውን ተቀበሉኝ። ማዶ ማዶ ሲያዩ ቆዩና፣ «እኔም የማውቀው እስከዚያ ድረስ ነው» አሉ። እጃቸውን አየሁት፤ ጠመንጃው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ደሙ ከጥቂት ዓመት በኋላ በሽማግሌ ታርቋል፤ አያ ደምሌም ልጆቻቸውን ድረው፣ አርጅተው ሞተዋል። ስለ ባዶው ጠመንጃ ዛሬ የምጽፈው ለዚህ ነው። እስከዚያ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፤ በወሬ ለሚኖር ሰው ቀላል ጾም አልነበረም።

አሁን ስም የሚለጥፉት ወጣቶች ስልክ አላቸው፤ ስም አውጥተው ሳይመሽ አገር ያዳርሱታል። አንዳንዶቹ የድሮ ዝናዬን ሰምተው ሱቄ ይመጡና፣ «ጋሼ፣ እገሌን እኮ እንዲህ አልነው» ይሉኛል፤ እንድስቅላቸው። ጥሩ ከሆነ እስቃለሁ፤ ሙያው ሙያ ነው። ነገር ግን እገሌ ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ የት ቆሞ እንደሚውል፣ ከማዶው ማን እንዳለ እጠይቃቸዋለሁ።